ቀጭን ወይስ ወፍራም? የሞተር ዘይት ምርጫ በዘመናዊ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ የያዘ ሰው ዘይት ሊቀይር ጋራዥ ሲገባ ሁለት የሚጋጩ ምክሮች ይጠብቁታል። አንዱ መካኒክ የዘይት መሙያው ክዳን ላይ 0ደብሊው-20 የሚለውን ያይና «ይኼ ለእነሱ አገር ነው፤ እዚህ ውሃ ነው የሚሆንብህ፤ 20ደብሊው-50 አድርግበት» ይላል። ሌላው «ክዳኑ ከሚለው ውልፍት ካልክ ሞተሩን ራስህ ገደልከው» ይላል። ባለመኪናው መሃል ላይ ይቀራል፤ ብዙውን ጊዜም ምርጫውን የሚወስንለት በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ የተገኘው ጀሪካን ነው።

ነገሩ በዕድል የሚተው አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው የቤንዚን መኪና በቀላሉ የሚተካ መሆኑ ቀርቷል። ሞተር ወርዶ ፋሻና ብሮንዚን ሲቀየር ስንት እንደሚወጣ ያየ ሰው፣ አራት ሊትር ዘይት ሲመርጥ ቆም ብሎ ማሰብ እንዳለበት ያውቃል።

ይህ ዳሰሳ የሁለቱንም ወገን ክርክር ከጀርባው ካለው መለኪያና ታሪክ ጋር ያያል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይዟል፤ ሞተሩን የመጠበቅ ፍላጎትንና ነዳጅ የመቆጠብ ግዴታን። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ባለመኪና፣ ከመጽሐፉ ሳይወጣ ለመንገዱና ለጭነቱ የሚስማማውን ዘይት መምረጥ ይችላል።

ቁጥሮቹ ምን ይለካሉ?

ጀሪካኑ ላይ የምናየው 5ደብሊው-30 ወይም 15ደብሊው-40 ኤስኤኢ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ያወጣው ምደባ ነው። ማኅበሩ ዘይትን በውፍረት መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው፤ ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ሰነድ ጄ300 ይባላል።

ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ ያሳያል። ሞተር በሚነሣበት ጊዜ የሚኖረው ውፍረት ተለክቶ ከተወሰነለት ጣሪያ እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ የ0ደብሊው ዘይት ከዜሮ በታች በ35 ዲግሪ፣ የ5ደብሊው በ30፣ የ10ደብሊው በ25፣ የ15ደብሊው በ20፣ የ20ደብሊው ደግሞ በ15 ዲግሪ ይለካል። ሁለተኛው ቁጥር የሚነግረን ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ነው። ባለ 20 ዘይት ከ6.9 እስከ 9.3 ሴንቲስቶክ፣ ባለ 30 ከ9.3 እስከ 12.5፣ ባለ 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ ባለ 50 ከ16.3 እስከ 21.9 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች እርከኖች መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከባለ 20ዎቹ ወፍራም የሆነውና ከባለ 30ዎቹ ቀጭን የሆነው ዘይት አንዱ ከሌላው እምብዛም አይለዩም። ስለዚህ ከ0ደብሊው-20 ወደ 5ደብሊው-30 መሸጋገር ብዙዎች እንደሚፈሩት ከጥግ ወደ ጥግ መዝለል አይደለም። ከ0ደብሊው-20 ወደ 20ደብሊው-50 መሄድ ግን ሦስት እርከን መውጣት ነው፤ በ100 ዲግሪ ሲለካ ውፍረቱን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል።

ስለ ጥበቃ ከሁሉም በላይ የሚናገረው ግን ጀሪካኑ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጻፈው ሦስተኛ መለኪያ ነው። ዘይቱ በ150 ዲግሪ ሙቀት፣ በክራንክ ሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል እንደሚሆነው በከፍተኛ ፍጥነት እየተጨፈለቀ ሲፈስ ምን ያህል ውፍረት ይቀርለታል? ለባለ 20 ዘይት ዝቅተኛው 2.6 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው። ለባለ 30 ዘይት 2.9 ነው። ለ0ደብሊው-40፣ ለ5ደብሊው-40 እና ለ10ደብሊው-40 ዘይቶች 3.5፣ ለ15ደብሊው-40 እና ለባለ 50 ዘይቶች ደግሞ 3.7 ነው። የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር ኤሲኢኤ በበኩሉ ሲ3 ወይም ኤ3/ቢ4 ብሎ የሚመድባቸው ዘይቶች፣ ባለ 30ም ቢሆኑ፣ ከ3.5 እንዳይወርዱ ያዛል። በዚህ የተነሣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት 5ደብሊው-30 ዘይቶች በሚሰጡት ጥበቃ ሊለያዩ ይችላሉ። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይህ ልዩነት ያመልጠዋል።

«አገራችን ሞቃት ነው» የሚለው ክርክር

የወፍራም ዘይት ደጋፊዎች ዋና ማስረጃ የአየር ንብረት ነው። ቀጭን ዘይት ለቀዝቃዛ አገር፣ ወፍራም ዘይት ለሞቃት አገር ይላሉ። በአየር ይቀዘቅዙ በነበሩት ሞተሮች ዘመን፣ ቮልስ መንገዱን በሞላበት ጊዜ፣ ይህ አባባል ብዙ እውነት ነበረው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ግን ቴርሞስታት አለው። አንዴ ከሞቀ በኋላ ሰመራ ላይም ሆነ ሚኒያፖሊስ ላይ ውሃውን 90 ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል፤ ዘይቱም በተለመደው አነዳድ ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይውላል። የውጭው አየር ለማቀዝቀዝ ያለውን አቅም ያጠብበዋል እንጂ ዘይቱን በቀጥታ አያቀጥነውም።

ደግሞስ አዲስ አበባ ሞቃት ናት ወይ? ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአብዛኛው ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ነው። ቶኪዮ በነሐሴ ከ30 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፤ የአሪዞናዋ ፊኒክስ በበጋ ከ40 ዲግሪ ታልፋለች። በሁለቱም ከተሞች በ0ደብሊው-20 የሚሄዱ መኪኖች ሞልተዋል። «ለእነሱ አገር ነው» የሚለው አባባል የእነሱ አገር ከእኛ ደጋ በብዙ እንደሚሞቅ ይረሳል። አዋሽ፣ ሰመራ፣ መተማ ወይም ጋምቤላ የሚሠራ መኪና ጉዳይ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

በተቃራኒው ደጋ ላይ የጠዋት ቅዝቃዜ አለ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የተለመደ ነው። አንድ የተለመደ 0ደብሊው-20 ዘይት በ40 ዲግሪ ወደ 45 ሴንቲስቶክ፣ በ100 ዲግሪ ወደ 8.5 ሴንቲስቶክ ውፍረት አለው። 20ደብሊው-50 በ40 ዲግሪ 160 አካባቢ፣ በ100 ዲግሪ 18 አካባቢ ነው። ከዚህ የምናየው፣ ቀጭኑ ዘይት እንኳ ሞተሩ ሳይሞቅ ከሞቀው ወፍራም ዘይት በብዙ እጥፍ እንደሚወፍር ነው። ጠዋት ሞተር ሲነሣ ያለው ሥጋት ዘይቱ ከኮፓ ተነሥቶ ቴስታታው ድረስ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ «ውሃ ይሆናል» የሚለው ስጋት በዚያ ሰዓት ቦታ የለውም።

ቀጭኑ ዘይት ከየት መጣ?

የሌላኛውም ወገን ክርክር መመርመር አለበት። «አምራቹ ያለውን ብቻ» የሚለው ምክር ጤናማ ነው፤ ነገር ግን አምራቹ ለምን እንዲህ አለ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የአረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ከደረሰ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1975 የመኪኖችን አማካይ የነዳጅ ፍጆታ የሚወስን ሕግ አወጣ። አምራቾች ከሚሸጧቸው መኪኖች ሁሉ የሚወጣው አማካይ ፍጆታ ከተወሰነው በላይ ከሆነ ይቀጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ የሚቆጥብ ማንኛውም ነገር፣ ዘይትን ጨምሮ፣ በየአንድ በመቶው ይቆጠር ጀመር። ሆንዳ እ.ኤ.አ. የ2000 ሞዴል ኢንሳይት ለተባለች ዲቃላ መኪናው 0ደብሊው-20 አዘዘ። ፎርድና ሆንዳ ከ2001 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለብዙዎቹ መኪኖቻቸው 5ደብሊው-20 ማዘዝ ጀመሩ። ቶዮታ ለ2018 ካምሪ 0ደብሊው-16 መረጠ፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ 0ደብሊው-8 የሚጠቀሙ ዲቃላ መኪኖች ወጡ። የኤስኤኢ ምደባም ይህን ተከትሎ በ2013 ባለ 16ን፣ በ2015 ባለ 12ንና ባለ 8ን ጨመረ።

ቁጠባው ምን ያህል ነው? የአሜሪካ መንግሥት ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው መረጃ፣ 5ደብሊው-30 በታዘዘለት ሞተር 10ደብሊው-30 መጠቀም የነዳጅ ቁጠባውን ከ1 እስከ 2 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ለአንድ ባለመኪና ይህ ከመቶ ሊትር ቤንዚን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር መኪና ለሚሸጥ ኩባንያ ግን ቅጣት በመክፈልና ባለመክፈል መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችል ነበር።

ይህ ማለት አምራቾቹ ሞተሩን ለነዳጅ ቁጠባ ሲሉ አሳልፈው ሰጡት ማለት አይደለም። ለቀጭን ዘይት የታሰበ ሞተር ብሮንዚኑ፣ የዘይት ፖምፓው፣ የሚፋተጉት ክፍሎች ልስላሴና ሽፋን ሁሉ በዚያ ስሌት ተሠርተዋል። በ0ደብሊው-20 ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄዱ ሞተሮች አሉ። ነገር ግን የአምራቹ መጽሐፍ ራሱ በር ይከፍታል። የቶዮታ የአሜሪካ መጽሐፍ 0ደብሊው-20ን ካዘዘ በኋላ፣ መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ወይም በከባድ ጭነት የሚሠራ ከሆነ ከዚያ ወፈር ያለ ዘይት ይበልጥ ሊስማማ እንደሚችል ይገልጻል። ለሌሎች ገበያዎች የታተሙት የቶዮታ መጻሕፍት ደግሞ እስከ 15ደብሊው-40 የሚደርሱ ዘይቶችን ከአየር ሙቀት ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ይይዛሉ። ፎርድም ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሞተሩን በተራው ሙስታንግ ላይ በ5ደብሊው-20፣ ለውድድር ሜዳ ባሰናዳው ቦስ 302 ላይ በ5ደብሊው-50 አስነድቶታል። አንድ የሞተር ቤተሰብ፣ ሁለት ሥራ፣ ሁለት ዘይት።

ከጄኔራል ሞተርስ ጥሪ የምንማረው

ይህን ክርክር በቅርቡ ያጋጋለው የጄኔራል ሞተርስ ጉዳይ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025፣ ከ2021 እስከ 2024 በተሠሩ ሲልቨራዶ፣ ሲየራ፣ ታሆ፣ ሰበርባን፣ ዩኮንና ኤስካሌድ መኪኖች ላይ የተገጠመ 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተርን በተመለከተ ለባለመኪናዎች የማስመለሻ ጥሪ አቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 600,000 የሚጠጉ መኪኖች ጥሪው ይመለከታቸው ነበር። ምክንያቱ የክራንክ ሻፍትና የቢየላ ጉድለት ነው፤ ሞተሩ በመንገድ ላይ ሊነክስ ይችላል። ምርመራ ያላለፈው ሞተር እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር ተወሰነ። ያለፈው ግን በ0ደብሊው-20 ምትክ 0ደብሊው-40 ተሞልቶለት፣ ፊልትሮውና የዘይት መሙያ ክዳኑ ተቀይሮ፣ ለመጽሐፉም ማሻሻያ ወጥቶለት እንዲሄድ ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ «ቀጭን ዘይት ሞተር ይገድላል» የሚል መደምደሚያ ማውጣት ስህተት ነው። ችግሩ የተፈጠረው ፋብሪካ ውስጥ በነበረ የአሠራር ጉድለትና በዘይት መተላለፊያው በቀረ ቆሻሻ ነው። ነገር ግን ኩባንያው የመረጠው መፍትሔ ራሱ ይናገራል። ጥርጣሬ ሲገባ፣ ነዳጅ ቁጠባው ወደ ኋላ ሲቀመጥና የብሮንዚን ጥበቃ ሲቀድም፣ መሐንዲሶቹ ወደ ወፍራሙ ዘይት ሄዱ። በብርድ የሚለካውን 0ደብሊው ግን አልነኩትም። ጠዋት ፈጥኖ የሚፈስ፣ ሲሞቅ የሚጸና ዘይት ፈለጉ። «ወፍራም ይሻላል» ብሎ 20ደብሊው-50 የሚያነሣ መካኒክ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ይዘነጋዋል።

ዘመናዊ ሞተር ለምን ይመርጣል?

በድሮው ዲኤክስ ኮሮላ ሞተር የዘይቱ ሥራ ማለስለስ፣ ማቀዝቀዝና ማጽዳት ነበር። በዛሬ ሞተር ዘይቱ መልእክት አስተላላፊም ነው። ቪቪቲ-አይ ያለው ሞተር የካም ሻፍቱን አቀማመጥ የሚቀያይረው በዘይት ግፊት ነው። ኮምፒውተሩ በትንሽ ቫልቭ አማካይነት ዘይቱን በጠባብ መተላለፊያ ይልካል፤ በጣም የወፈረ ዘይት በተለይ ጠዋት ሲዘገይ፣ ካም ሻፍቱ ከታዘዘበት ቦታ ሳይደርስ ይቀርና የሞተር መብራት ሊበራ ይችላል። ባለመኪናው ቫልቩን ይቀይራል፣ ሴንሰሩን ይቀይራል፤ ዘይቱን ግን ማንም አይጠይቅም።

ቱርቦ ያለው ሞተር ሌላ ጫና አለው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ ከጭስ መውጫው በሚመጣ እሳት አጠገብም ይኖራል። ዝቅተኛ ጥራት ያለው ዘይት እዚያ ተቃጥሎ እንደ ከሰል ይጋገራል። ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጩ አነስተኛ ቱርቦ ሞተሮች ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ችግር ይዘው መጥተዋል። አንደኛው፣ በአጭር ርቀት ጉዞ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ኮፓ ወርዶ ዘይቱን ማቅጠኑ ነው። ሁለተኛው፣ በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ ሲጫነው ድብልቁ ከካንዴላው ብልጭታ ቀድሞ መቀጣጠሉ ነው፤ ይህ ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። የዚህ ችግር አንዱ መነሻ በዘይቱ ውስጥ ያለው በካልሲየም ላይ የተመሠረተ ማጽጃ ሆኖ በመገኘቱ፣ የዘይት አምራቾች ካልሲየሙን ቀንሰው በከፊል በማግኒዥየም ተክተውታል። ይህ ለውጥ ከውፍረት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ጀሪካኑ ላይ የሚታየውም በሌላ ምልክት ነው።

ከውፍረቱ እኩል ደረጃው

ሶማሌ ተራ ካሉ የዘይት ሱቆች በአንዱ አንድ ጀሪካን አዙረን ጀርባውን እናንብብ። ክብ ምልክት አለ፤ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም፣ ኤፒአይ፣ ምልክት ነው። በክቡ መሃል ውፍረቱ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 5ደብሊው-30። ከላይ በቅስቱ ላይ ደግሞ ሁለት ፊደላት አሉ። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ከ«ኤስ» ቀጥሎ የምትመጣው ፊደል በፊደል ተራ በገፋች ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን እ.ኤ.አ. በ2010፣ ኤስፒ በግንቦት 2020፣ ኤስኪው በመጋቢት 2025 ሥራ ላይ ውለዋል። ቅድመ መቀጣጠልን የመከላከልና የካቴናን መበላት የመቀነስ ፈተና በቤንዚን ዘይቶች ላይ ሙሉ ለሙሉ የገባው ከኤስፒ ጀምሮ ነው።

በዚያው መደርደሪያ ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የተጻፈበት ርካሽ ዘይት ሊገኝ ይችላል። ኤፒአይ ኤስኤፍን እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ፣ ኤስጂን ከ1993 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይስማሙም ይላል። ስለዚህ ለ2015 ያሪስ «ትክክለኛ ውፍረት» ያለው ኤስኤፍ ዘይት መግዛት፣ ወፈር ያለ ኤስፒ ከመግዛት የባሰ ስህተት ነው። ክርክራችን ሁሉ በቁጥሩ ላይ ሆኖ የምንረሳው ፊደሉን ነው። እኔ በበኩሌ ሻጭና ገዢ ስለ ፊደሉ ቢነጋገሩ፣ የብዙ ሞተሮች ዕድሜ ይረዝማል ብዬ አምናለሁ።

የጭነት መኪና ዘይት፣ በተለይ 15ደብሊው-40 ሲአይ-4፣ ለቤንዚን መኪና መስጠትም የተለመደ ነው። ዘይቱ ለተሠራለት የናፍጣ ሞተር ጥሩ ነው። ጀርባው ላይ የ«ኤስ» ደረጃ ካልተጻፈበት ግን ለዘመናዊ የቤንዚን ሞተር ተፈትኖ አልወጣም። በተቃራኒው የጭስ ማጣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲስ የናፍጣ ፒክአፖች ሲቃጠል አመድ የሚያበዛ ዘይት ማጣሪያቸውን ይደፍንባቸዋል፤ ለእነሱ እንደ ኤሲኢኤ ሲ3 ያለ አመዱ የተወሰነ ዘይት ያስፈልጋል። የአውሮፓ መኪኖች ከዚህም በላይ የራሳቸው የአምራች ፈቃድ አላቸው፤ የቮልስዋገን 504/507፣ የመርሴዲስ 229.51፣ የቢኤምደብሊው ሎንግላይፍ-04 ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህን መኪኖች የያዘ ሰው ከውፍረቱ በፊት የፈቃዱን ቁጥር ይፈልግ።

መንገዱና ጭነቱ

አሁን ወደ ወፍራም ዘይት የሚያዘነብለው ክርክር በእርግጥ ወደሚጸናበት ቦታ እንሂድ። አንዲት አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ አምስት ሰው ጭና፣ ሻንጣ ከላይ ታስሮባት፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳለች። ድልድዩን ተሻግራ ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለባት። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ፣ ከፊት ያለውን ተሳቢ ተከትላ ትጎተታለች። የሞተሩ ዙር ከፍተኛ ነው፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ትንሽ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ያለው አየር ደግሞ የጋለ ነው። በዚህ ጊዜ የዘይቱ ሙቀት ከተለመደው ያልፋል፤ የውሃው ሙቀት መለኪያ ግን ቦታውን ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ እርከን መውጣት ዋጋ አለው። አንድ የተለመደ ባለ 30 ዘይት በ110 ዲግሪ ያለው ውፍረት፣ ባለ 20 ዘይት በ100 ዲግሪ ካለው ጋር ይቀራረባል። አንድ እርከን ማለት እንግዲህ በሙቀት ሲተመን 10 ዲግሪ ገደማ የሚሆን መጠባበቂያ ነው። በየሳምንቱ ዓባይ በረሃን ለሚያቋርጥ፣ አዋሽና ሰመራ ለሚመላለስ፣ ሰውና ዕቃ አብዝቶ ለሚጭን መኪና ይህ መጠባበቂያ የሚገባው ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ መጽሐፉ የሚፈቅደውን 5ደብሊው-30 መምረጥ ብልህነት ነው፤ ሠንጠረዡ ከፈቀደም እስከ ባለ 40 መሄድ ይቻላል። ከቦሌ እስከ ፒያሳ ተመላልሶ ለሚውል መኪና ግን የወፍራሙ ዘይት ጥቅም አይታይም፤ የጠዋቱ መዘግየትና የነዳጁ ብክነት ብቻ ይቀርለታል።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚሁ ሚዛን ራሳቸውን ማየት ይችላሉ። ሚኒሶታ ውስጥ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በሚወርድበት ሌሊት መኪናውን ደጅ የሚያሳድር ሰው ከ0ደብሊው ወይም ከ5ደብሊው ውጭ ምርጫ የለውም። ዱባይ ላይ የሚነዳ ግን በብርድ የሚለካው ቁጥር ብዙም አያሳስበውም። ብዙዎቹ ያገለገሉ መኪኖቻችን የመጡት ከባሕረ ሰላጤው፣ ከጃፓን፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሁለት መኪኖች ክዳናቸው ላይ የተለያየ ቁጥር ቢታይ መደንገጥ አያስፈልግም። ክዳኑ የተጻፈው መኪናው መጀመሪያ ለተሸጠበት ገበያ ነው።

ያረጀ ሞተርና ሌሎች ምክንያቶች

«ዘይት መብላት ጀምሯል፤ ወፈር ያለ አድርግበት» የሚለው ምክር በከፊል ያስኬዳል። ብሮንዚኑ በተበላ ሞተር ላይ ወፍራም ዘይት የወረደውን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ በተፈቀደው ክልል ውስጥ አንድ እርከን መውጣት ለጊዜው ይረዳል። ሕመሙን ግን አያድነውም። ዘይት የሚበላ ሞተር ምክንያት አለው። የቫልቭ ጎሚኒ ደርቆ፣ ፋሻ በካርቦን ተጣብቆ ወይም የሞተሩ የመተንፈሻ ቫልቭ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። በጎርጎሮሳውያኑ 2007 እና 2011 መካከል በተሠሩ አንዳንድ ካምሪና ራቭ4 መኪኖች ላይ ያለው 2ኤዜድ-ኤፍኢ ሞተር በፒስተንና በፋሻ አሠራሩ ምክንያት ዘይት እንደሚያቃጥል ቶዮታ ተቀብሎ ጥገና አቅርቦ ነበር፤ መፍትሔው ፒስተንና ፋሻ መቀየር ነበር። እንዲህ ያለውን ሞተር በ20ደብሊው-50 ዝም ማሰኘት ሥራውን ለነገ ማሳደር ነው።

ከምርጫው በኋላ የሚመጣው አያያዝም ምርጫውን ያበላሸዋል ወይም ያጸናዋል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለ0ደብሊው-20 ዘይት 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈቅዳል፤ አቧራማ መንገድና ከባድ ጭነት ላለበት ግን ይህንን በግማሽ ይቀንሰዋል። የእኛ መንገድ ከሁለተኛው ምድብ ነው። በመገናኛ ወይም በሳሪስ የመኪና ሰልፍ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ሰዓት ይቆጥራል። ስለዚህ የ5,000 ኪሎ ሜትሩ የጋራዥ ልማድ ለብዙ መኪኖቻችን ትክክል ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዞ ማየት ደግሞ ከየትኛውም ውድ ዘይት በላይ ሞተር ያተርፋል። በቂ ዘይት በሌለበት ኮፓ ውስጥ ውፍረት ትርጉም አያገኝም።

የተጭበረበረ ዘይት ደግሞ ሁሉንም ስሌት ያፈርሳል። ባዶ ጀሪካን ተሰብስቦ ዳግም ሲሞላ፣ ላዩ ላይ ያለው ቁጥርም ፊደልም ባዶ ቃል ይሆናል። የክዳኑ ማሸጊያ መነካቱን፣ የምርት ቁጥሩ መፋቁን፣ ዋጋው ከሌላው በብዙ መውረዱን ማየት ያስፈልጋል። ዘይቱ ከተቀየረ በኋላም ባዶውን ጀሪካን ለሌላ እንዳይውል በስቶ መጣል ትንሽ ድካም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ገዢ ይጠብቃል።

እንዴት እንምረጥ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምርጫው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ የመኪናው መጽሐፍ፤ ከተቻለ ለሞቃትና ለተራራማ አገሮች የታተመው፣ ሠንጠረዡ ያለበት። ሁለተኛ ደረጃው፤ ለቤንዚን ሞተር ቢቻል ኤስፒ ወይም ከዚያ በላይ፣ ለአውሮፓ መኪና የአምራቹ ፈቃድ፣ ማጣሪያ ላለው ናፍጣ አመዱ የተወሰነ ዘይት። ሦስተኛ በብርድ የሚለካው ቁጥር፤ በደጋ 0ደብሊው ወይም 5ደብሊው ይመረጣል፣ 10ደብሊውም ይሠራል። አራተኛ በሙቀት የሚለካው ቁጥር፤ ለከተማ ክዳኑ የሚለው፣ ለቆላ፣ ለረጅም ዳገትና ለጭነት ከክዳኑ አንድ እርከን ከፍ ያለው። 0ደብሊው-20 ጠፍቶ 5ደብሊው-30 ኤስፒ ከተገኘ ያለ ስጋት ይገዛ። 20ደብሊው-50 ግን መጽሐፉ በስሙ ካልጠራው በስተቀር ቪቪቲ-አይ ላለው ሞተር አይገባም።

ይህን ሸክም ለባለመኪናው ብቻ መተው ግን ፍትሐዊ አይደለም። አስመጪዎች ከ20ደብሊው-50 ጀሪካኖች ጎን ደረጃቸውን የጠበቁ 0ደብሊው-20 እና 5ደብሊው-30 ዘይቶችን በበቂ መጠን ሊያቀርቡ፣ የደረጃውን ትርጉምም በአማርኛ ጀሪካኑ ላይ ሊለጥፉ ይገባል። ማደያዎችና ጋራዦች ከበርሜል እየቀዱ የሚሞሉትን ዘይት ዓይነትና ደረጃ ለደንበኛው ማሳየት አለባቸው። መካኒኩም ዘይት በቀየረ ቁጥር ኮፈኑ ሥር ውፍረቱን፣ የኤፒአይ ፊደሉን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን የያዘ ወረቀት ይለጥፍ፤ ባለመኪናው ያንን ወረቀት ሳያይ ሒሳብ አይክፈል።